ጨርቁ ነው የሰፋው

አጎቴ አምቦ ገበያ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ኑሮው ጠንክሮ ከተማው ሁሉ ሲከሳ፣ የሰውን ልብስ እያጠበበ ኖረ። ግን ለማንም «ከሳህ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። «ጨርቁ ነው የሰፋው» ነበር የሚለው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ከጦር ግንባር የተመለሰ ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሱሪው እንዳይወልቅበት በእጁ ይዞታል።

«እስቲ ይዩት ጋሼ፣ ልጄ እኮ አለቀ» አለችው።

አጎቴ ወገቡን ለካና «የዘንድሮ ጨርቅ መቼ ይታመናል፣ አዴ። ሰፍቶ ነው» አላት። እናትየው ባታምነውም ፈገግ አለች።

እኔ መቀሱን ሳቀብለው አልተቀበለኝም። «ተዪው፣ ይፈለጋል» አለና እንደ ልማዱ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው። ከዓመታት በኋላ ከተማው ሥጋ መልበስ ሲጀምር ልጁም ሱሪው ጠቦት ትርፉን ሊያስለቅቅ መጣ። አጎቴ «ታጥቦ ገብቶ ነው» አለው፣ እየሳቀ።

እሱን ከቀበርን ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ምነው እንዲህ ከሳሽ» ይለኛል። ለአያቴ ሐዘን የሰፋልኝ ጥቁር ቀሚስ አሁን ለእሱም ለብሼው ትከሻዬ ላይ አልቆም አለ። ሌላ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውዬው ገልብጦ አየና «በጣም ከስተሻል። ይሄን ሁሉ ትርፍ ልቁረጠው?» አለኝ።

«ተወው፣ ይፈለጋል» አልኩት።

ትርፉ አለ። ጨርቁን የሚወቅስልኝ ሰው ነው ያጣሁት።