ቅሬታ የለንም የሚለው ወረቀት

ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል የያዙኝ ጠዋት ነው፣ ጥርሴን እየፋቅሁ። መፋቂያዬን እንደያዝሁ ወሰዱኝ። የፖሊስ ጣቢያው ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የታየኝ፣ ግድግዳው ላይ በትከሻ ቁመት የዞረ የወዛ ጥቁር መስመር ነው። ከእኔ በፊት የተደገፉት ሰዎች ጀርባ የተወው ነበር። እኔም ቦታ ፈልጌ ተደገፍሁ።

ከክፍሉ ሰዎች አንዱ ትክል ድንጋይ ከሚባል አገር የመጡ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። አያ እንላቸው ነበር። ሲይዟቸው የፊጥኝ አስረው በጭነት መኪና ስላመጧቸው ቀኝ እጃቸው አብጧል፣ አውራ ጣታቸው ጠቁሯል፣ መሽተትም ጀምሯል። ሆስፒታል ውሰዷቸው ብለን በር ስንደበድብ መልሱ ሁልጊዜ “መኪና የለም” ነው። አብሮን የታሰረ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ “ከሰነበተ እጁ ይቆረጣል” ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ገበሬ ያለ ቀኝ እጁ ሞፈር በምኑ ይይዛል? ከራሴ ጉዳይ ይልቅ ይኸ ያስጨንቀኝ ጀመር።

አንድ ቀን “ነገ ከመብት ቢሮ ሰው ይመጣል” ተባልን። መንግሥት የእስረኛን መብት እንዲጠብቅ ያቋቋመው ቢሮ እንዳለ ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል። ከቢሮው የመጣ ሰው ያየ ግን ከመካከላችን አልነበረም። በማግሥቱ ጠዋት እንግዳ ሊመጣ ነው ብለን ተነሣን። የሽንቱን ባልዲ ደፋን፣ ፍራሾቹን አጠፍን፣ ወለሉን ጠረግን። አንዱ ከቤቱ የመጣለትን ንጹሕ ጋቢ ለአያ ደረበላቸው፤ እጃቸውም ከሥሩ ተሸፈነ። እንግዳ በቆሻሻ ቤት አይገባም ተብለን ያደግን ሰዎች፣ ማሳየት የነበረብንን ሁሉ በገዛ እጃችን ደበቅነው። ተምሬያለሁ፣ አስተምራለሁ የምለው እኔ እንኳ አልነቃሁም። መጥረጊያውን የያዝሁት እኔው ነበርሁ።

ሰውየው የመጣው በጣቢያው መኪና ነው፣ ከጣቢያው ኃላፊ ጎን ተቀምጦ። ቀጭን ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ የጫማው ሶል ተላቋል።

“ቢሯችን መኪና የለውም” አለን ሳንጠይቀው፣ እንደማፈር ብሎ። “በጀት ስንጠይቅ የሚመጣልን ደመወዛችን ብቻ ነው።”

ኃላፊው ሳቅ አለና “እኛ እያለንልህ ምን ቸገረህ?” አለው።

መርማሪውና የሚመረመረው በአንድ መኪና ከመጡ ምን እንላለን?

“እንዴት ከረማችሁ?” አለ ሰውየው።

አያ ቀድመው ከተቀመጡበት ተነሡ። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነን። እናንተስ ደህና ናችሁ? ምነው ቆማችሁ? አረፍ በሉ እንጂ።”

በእሳቸው አገር ገና አረፍ ላላለ እንግዳ ብሶት አይዘረገፍም። መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከብቱና ዝናቡ ይጠየቃል፣ ከዚያ ወደ ጉዳይ ይገባል። ሰውየው ግን አልተቀመጠም። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ መኪናው ሞተሩ አልጠፋም። ሰውየው አንድ ወረቀት አወጣ። እሱም ከጣቢያው የተሰጠው ነው፣ እዚያው የተተየበ። “ቅሬታ ያለው ይናገር” አለ። ዓይናችን ሁሉ ወደ በሩ ሄደ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እኔም ፈረምሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በመጨረሻ አያ ዘንድ ደረሰ፤ ሰውየው በጣታቸው እንዲፈርሙ የቀለም ቆርቆሮ አቀረበላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

“ምን ይላል?”

“ቅሬታ የለንም ይላል፣ አያ።”

“አንተ ፈረምህበት?”

“ፈረምሁ።”

ቀና ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ወደ ጣት ቀለሙ ዘረጉ።

“የምትሹት አውራ ጣቴን አይደል? ይኸውላችሁ።”

ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሰውየው የቀለሙን ቆርቆሮ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

“ወረቀቱን አንዴ ይስጡኝ” አልሁት። ፊርማዬን ሰረዝሁት። እስክሪብቶውን ስለተጫንሁት ወረቀቱ ተቀደደ።

“ምነው! ሌላ ወረቀት እኮ አልያዝሁም” አለ ደንግጦ።

“ጀርባው ባዶ ነው።”

“መምህር፣ እንገናኛለን” አለኝ ኃላፊው ከበሩ፣ ድምፁን ሳያነሣ።

ሰውየው ትንሽ አመነታና ወረቀቱን ገልብጦ ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ። አያ ቆመው ነገሩት፤ ገመዱን፣ መኪናውን፣ በሩን ያንኳኳንባቸውን ቀኖች። ሲጨርስ “እኒህ ሰው ዛሬውኑ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው” አለ።

“መኪናው አንተን ሊመልስ ነው” አለው ኃላፊው።

“እኔ እስከ ቢሮዬ፣ እስከ አራዳ በእግሬ እሄዳለሁ።”

አያን ወሰዷቸው። አውራ ጣታቸው ተቆረጠ፣ እጃቸው ተረፈ። ኃላፊውም ቃሉን አላጠፈም፤ ተገናኘን። ስለዚያ መጻፍ አልፈልግም።

ዛሬ በየስብሰባው ሕጋችን መልካም ነው ሲባል እሰማለሁ፤ አልከራከርም። እኔ የሚታየኝ ግን ያ የመብት ቢሮ ምስኪን ነው፤ ሊቆጣጠር ከመጣበት ጣቢያ መኪናም ወረቀትም የለመነው። ይህን ታሪክ የሰሙ ተማሪዎቼ “መምህር፣ ደፋር ነበሩ” ይሉኛል። ያሳፍረኛል። አያ ማንበብ ቢችሉ ኖሮ እኔን አይጠይቁኝም ነበር። ፊርማዬም እዚያ ወረቀት ላይ ትቀር ነበር።