ማስቲሹ እስኪደርቅ

ዛሬ ጠዋት ከጅቡቲ ከተማ መውጫ፣ ፔካ 12 ላይ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና እያነከሰ መጥቶ ከጎሚስታ ቤቴ ፊት ለፊት ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ወንድሜ፣ የውስጥ ጎማ ትለጥፋለህ ወይስ አንተም እንደሌሎቹ ወርውረህ አዲስ ግዛ ልትለኝ ነው?» አለኝ። እውነት ለመናገር የውስጥ ጎማ በእጄ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። አሁን የሚመጡት ጎማዎች አብዛኞቹ የውስጥ ጎማ የላቸውም፤ የተበሳውን ቀዳዳ ከውጭ በላስቲክ ደፍኖ መሸኘት ነው። የማስቲሹን ጣሳ ከመደርደሪያው ጥግ አውርጄ ክዳኑን በብረት ስፈነቅለው ግን ያ ሽታ፣ ቤንዚንም ቀለምም ያልሆነው፣ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ጉሮሮ ላይ ጣፈጥ የሚለው ሽታ ወጣና ከንፈሬ ሳላዝዘው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ያደግነው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ግድግዳው እንጨት፣ ጣራው ቆርቆሮ በሆነ አንድ ክፍል ቤት ነው። አባቴ ታደሰ እዚሁ ፔካ 12 ጎማ ይጠግን ነበር። ፀሐይ ሳትወጣ በሚኒባስ ይወጣል፣ ሲመለስ ክንዱ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ሸሚዙ ላይ የላቡ ጨው እንደ ካርታ ተስሎ ነው። እናቴ ወይንሸት ድሬዳዋ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል በሚሰማበት ግቢ ነው ያደገችው። ጅቡቲ ከገባች ጀምሮ ጎደለኝ የምትለው ነገር ቢኖር ያ ደወል ነበር። «እዚያ መነሻ ሰዓቴን የሚነግረኝ ነበር፤ እዚህ ሁሉም ሰው ሲጠራ እሰማለሁ፣ እኔን የሚጠራኝ የለም» ትል ነበር፣ የመስጊዱ አዛን በየሰዓቱ ሰፈሩን ሲያነሣና ሲያስቀምጥ እያየች።

ስለዚህ ራሷ ደወል ልትሆን ወሰነች። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ታስነሣናለች፣ ወደ ምሥራቅ እንዞራለን። በእኛ ቤት ምሥራቅ ማለት ማቀዝቀዣው ያለበት ማለት ነው። አባቴ፣ እኔና ታናሽ እኅቴ ሳራ ማቀዝቀዣው ፊት ተደርድረን እንቆማለን፣ እናቴ ትጀምራለች፣ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ገና «ስምህ ይቀደስ» ላይ ሳትደርስ የአባቴ ግንባር ቀስ ብሎ ማቀዝቀዣው በር ላይ ያርፋል። ቆሞ ይተኛ ነበር። ቀዝቃዛው ብረት ለግንባሩ ሳይመቸው አልቀረም። ሳራ ማስቲካዋን ውጣ ትስቃለች፣ እኔ እሷን አይቼ እስቃለሁ፣ እናቴ ነጠላዋን አውልቃ አልጋው ላይ ትወረውራለች።

ከጎናችን፣ በስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ብቻ ተለይታን፣ የሐረር ሰው የሆነችው ጨርቅ ነጋዴ እማ ሐሊማ ትኖር ነበር። የእኛን ቤት ነገር ሁሉ ከእኛ እኩል ትሰማለች፤ ሰምታም ዝም አትልም። «ወይንሸት!» ትላለች ከግድግዳው ማዶ፤ «ዛሬስ ጸለያችሁ ወይስ ታደሰን አስተኛችሁት?»

«አስተኛነው፣ እማ ሐሊማ።»

«ወላሂ ደግ አድርጋችሁ፣ ደክሞታል። ግን ክርስቲያን ጎረቤቴ ሳይጸልይ ቢቀር ነገ በፍርድ ቀን እኔን ነው የሚጠይቁኝ፤ ‘ግድግዳው ስስ አልነበር? ለምን አላንኳኳሽም?’ ይሉኛል።»

እናቴ ትስቅ ነበር፣ ነገሩ ግን ከሳቅ አልፏል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ ማንበብ ስጀምር፣ በሶማሊኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስሳደብ፣ በራሴ ቋንቋ ግን አባታችን ሆይን ከግማሽ በላይ መዝለቅ ሲያቅተኝ እያየች ውስጧ ተቃጠለ። አንድ ቀን ለአባቴ ቁርጡን ነገረችው። ክረምቱ ሳይገባ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ታላቅ ወንድሟ ጋሼ ምትኩ ከድሬዳዋ ይመጣል፤ እስከዚያ ልጁ ጸሎት ካልያዘ ይዞት ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያሳድገዋል። አባቴ አልተከራከራትም። እኔ ግን አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞሬ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአባቴ ልለይ ነው።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፣ የጅቡቲ የእረፍት ቀን፤ ትምህርት የለም። አባቴ ሳልጠይቀው «አቤል፣ ጫማህን አድርግ» ብሎ ይዞኝ ወጣ። በባልባላ ሰፈር በኩል በሚኒባስ ስንሄድ ሙቀቱ ገና ከማለዳው የመስኮቱን ብረት አግሎት ነበር፤ ከወደቡ የሚነሣው የጨውና የናፍጣ ሽታ አብሮን ተጓዘ። ሥራ ቦታው ስንደርስ ነፋስ የማይሞላውን የውስጥ ጎማ በውኃ ሳፋ ውስጥ እያዞረ፣ አረፋ የሚወጣበትን አሳየኝ፤ አደረቀው፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻከረው፤ ማስቲሹን በጣቱ ቀባው። ከዚያ ልጣፊውን ወዲያው ይጭናል ብዬ ስጠብቅ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

«ምን እንጠብቃለን?» አልኩት።

«ማስቲሹ እስኪደርቅ። የሚቸኩል ጎሚስታ እርጥብ ላይ ይለጥፋል፤ መኪናው ገና ተራራውን ሳይወጣ ይላቀቃል። ማብረቅረቁ መጥፋት አለበት።» ጣቱን በጨርቅ እየጠረገ ጨመረ። «እናትህ ጊዜ የለህም ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። መጠበቅ ግን ሞልቶኛል። ስጠብቅ ምን እንደምል ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አባቴ፣ ማቀዝቀዣ ላይ ተደግፎ የሚተኛው አባቴ፣ ቀኑን ሙሉ ይጸልይ ነበር። ለማስቲሹ መድረቂያ አንድ አባታችን ሆይ፣ ለልጣፊው መጫኛ ሌላ አባታችን ሆይ። ሰዓት አልነበረውም፤ ጸሎቱ ሰዓቱ ነበር። ፈጥኖ ያለው እንደሆነ ልጣፊው ይላቀቃል፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በቦታው ማለት ነበረበት። ለእናቴ ለምን እንዳልነገራት ጠየቅሁት። «በጎማ ላይ እጸልያለሁ ብዬ? ነጠላ አጣፍታ ለቆመች ሴት?» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ በየዓርቡ አብሬው ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ሾፌሮቹ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ሲሄዱ መንገዱ ጭር ይላል፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስ የበረሃ ነፋስ አሸዋውን አንሥቶ ቆርቆሮው ላይ ይረጨዋል። እኛ ጥላ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አንድ የውስጥ ጎማ ከሁለት ጫፍ እንይዛለን። እኔ እጸልያለሁ፣ እሱ ይሠራል፣ አልፎ አልፎም እጄ ሲላላ ያርመኛል። ጸሎቱ በአፌ ብቻ ሳይሆን በመዳፌ፣ በሚሞቀው ላስቲክ፣ በሽታው በኩል ገባ። ቃል ሳይወድቅብኝ ከመጀመሪያ እስከ አሜን የደረስኩ ቀን አባቴ በጥቁር ጣቱ አፍንጫዬን ቀባና «በል እንግዲህ፣ ጋሼ ምትኩ ይምጣ» አለ።

ጋሼ ምትኩ መጣ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ትከሻ ላይ በሚጫንበት ወቅት፣ አንድ ሾፌር ጭኖ አደረሰው። ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የኖረ ሰው ነው፤ በሚያስፈራ እርጋታ ይናገራል። አልጋው ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣ፣ ላቡን ጠረገና «ና እስቲ አቤል፣ አባታችን ሆይን በልልኝ» አለኝ።

ማቀዝቀዣው ፊት ቆምኩ። እናቴ በአንድ እጇ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣለች። የልብሴ ሻንጣ፣ ምናልባት ብላ ያዘጋጀችው፣ በሩ አጠገብ ነው። «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር» አልኩ። ከዚያ ጠፋ። እጆቼ የሚይዙት አጥተው ጎኔ ላይ ተንጠለጠሉ፤ እጆቼ ባዶ ሲሆኑ አፌም ባዶ ሆነ። ደግሜ ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

«አይዞህ» አለኝ ጋሼ ምትኩ፤ ለእናቴ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲህ ነገ በማለዳ እንወጣለን» አላት።

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። የከፋው መሰለኝ፤ ብቻዬን የተወኝ መሰለኝ። ወዲያው ግን የሥራ ከረጢቱን ይዞ ተመለሰና የተበሳ የውስጥ ጎማ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ልጣፊና የማስቲሹን ጣሳ እናቴ ባጠበችው ወለል ላይ ዘረገፈ።

«ታዴ! እንግዳ ፊት? ምን ሆነሃል?» አለችው እናቴ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ» አለ አባቴ ወለሉ ላይ እየተቀመጠ። «ልጁ አላጠፋም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያስተማርኩትም በዚህ ነው። አቤል፣ ና ያዝ።»

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ላስቲኩን አሻከርኩ፣ ማስቲሹን ቀባሁ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ሳራ አፍንጫዋን ያዘች። ማብረቅረቁ ሲጠፋ ልጣፊውን አስቀምጬ በሁለት አውራ ጣቴ ስጫነው ጸሎቱ ካለበት ተነሥቶ መጣ። አልፈለግሁትም፤ መጣ። «ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ፣ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል፣ አቤቱ ወደ ፈተናም አታግባን፣ ጠርዝ ጠርዙን ተጫን፣ ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ…»

አሜን ብዬ ቀና ስል እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። አባቴ ደንግጦ ያየኛል። ያኔ ነው የገባኝ፤ በየዓርቡ እጄ ሲላላ የሚለኝን ሁሉ ከጸሎቱ ጋር አብሬ ይዤዋለሁ፣ የትኛው የእሱ፣ የትኛው የጸሎቱ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የጋሼ ምትኩ ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጣ መሰለን። ከዚያ ያ ዝግ ብሎ የሚናገረው ሰው አልጋው ሲጥ ሲጥ እስኪል ሳቀ፤ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ ሳቀ፤ ከግድግዳው ማዶም እማ ሐሊማ «አሚን! አሚን! ጠርዝ ጠርዙን ተጫን!» እያለች ኮምፔርሳቶውን ደበደበችው።

ሳቁ ሲበርድለት ጎማውን ከእጄ ተቀብሎ ልጣፊውን በጥፍሩ ሊያነሣው ሞከረ። አልተነሣም።

«ወይንሸት» አላት፤ «እኔ ስንት ዘመን ቆሜ ስጸልይ አፌ ጸሎቱ ላይ፣ ሐሳቤ ገበያ ነው። ይሄ ልጅ እጁን እንኳ ከጸሎቱ አላስቀረም። ሻንጣውን ፍቺው፤ አባቱ ጋ ይቆይ።» ወደ አባቴ ዞሮም «አንተ ግን» አለ፤ «የምታርመው ከአሜን በኋላ ይሁን።»

እናቴ ሻንጣውን ፈታች፤ ሸሚዞቼን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ስትመልስ ሳራ ታጨበጭብ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማቀዝቀዣው ፊት መሰለፍ ቀረ፤ ቤታችን ግን ከጸሎት ባዶ የሆነበትን ሰዓት አላስታውስም። እናቴ የራሷን መጠበቂያዎች አገኘች። ጀሪካኑ ከቧንቧው እስኪሞላ፣ የጠፋው መብራት እስኪመጣ፣ ሩዙ ውኃውን እስኪጨርስ ትጸልያለች። ሳራ ሚኒባስ ስትጠብቅ መጸለይ ለመደች፣ ሚኒባሱ ቶሎ ከመጣ ግማሹን ለመልስ ጉዞ ታቆየዋለች። ጅቡቲ የምታስጠብቅ ከተማ ናት፤ መርከቡን፣ መኪናውን፣ ማታ የሚነፍሰውን ነፋስ ትጠብቃለህ፤ ለእኛ ያ ሁሉ ደወል ሆነልን። እማ ሐሊማም ከሶላቷ ስትነሣ ግድግዳውን ታንኳኳለች። «እኔ ጨርሻለሁ፤ ጀሪካናችሁ ገና አልሞላም?»

አሁን ያ ግድግዳ የለም። እማ ሐሊማ ከሞተች በኋላ ቤቶቹ ፈርሰው በቦታቸው የሲሚንቶ ፎቅ ቆሟል፤ የትኛው መስኮት የኛ ማቀዝቀዣ የነበረበት እንደሆነ ለመለየት ቆሜ ሞክሬ አልቻልኩም። አባቴ ድሬዳዋ አርፏል፤ እናቴ እዚያው ደወሉ በሚሰማበት ግቢ ከሳራ ጋር ትኖራለች፤ ግን በስልክ «ደወሉ ሲደወል ጀሪካኑ ትዝ ይለኛል» ትለኛለች። የማስቲሹን ጣሳ የሚጠይቀኝ ሰው እየጠፋ ነው፤ የያዝኩት ሲያልቅ ሌላ የማገኝ አይመስለኝም።

ዛሬ ጠዋት ግን ገና ነበረኝ። ማስቲሹ እስኪደርቅ አንዱን ጸሎት ጨረስኩና፣ ላስቲኩ ሰፊ ስለነበር ልጣፊውን ስጫን ሌላውን ጫፍ እንዲይዝልኝ ሾፌሩን ጠየቅሁት። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ከንፈሬን ሲያይ ቆይቶ ገባውና፣ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ በጣቱ ነካ አድርጎ ድምፁን ከድምፄ ጋር ጨመረ። ጥላው ውስጥ ሁለታችን በአንድ ድምፅ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» አልን።

«ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አልኩ እኔ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ ጸሎቱ ውስጥ አለ እንዴ?»

«እኛ ቤት አለ።»

ሳቀና ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እስከ አሜን አደረስነው። ነፋስ ሞልቼ ሳፋው ውስጥ ነከርኩት፣ ቀስ አድርጌ ዙሪያውን አዞርኩት፤ ሁለታችንም አጎንብሰን ውኃውን አየን። ውኃው ጸጥ አለ። አንዲት አረፋ አልወጣችም።