ቫርኒሽ ያልነካው አልጋ

ወደ ኦቦ ቀንዓ የእንጨት ሥራ ቤት የመጣው ካድሬ ስሙን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጡ ከኮቱ ሥር ጉብ ብሎ ይታያል። ትናንት በአምቦ ስብሰባ ላይ «ጸረ አብዮተኞች እንቅልፍ አያገኙም!» እያለ ሲፎክር ነው የዋለው። ዛሬ አልጋ ሊገዛ መጥቷል።

እኔ ወንበሬ እስኪጠገን ጥግ ይዤ አየዋለሁ። ጀርባውን ለግድግዳ፣ ዓይኑን ለበሩ ሰጥቶ አልጋዎቹን አንድ ባንድ ያሸታል።

«ቫርኒሽ ሳንባ ይጨርሳል» አለ፤ ስለ ሳንባው ሲያወራ ድምፁ እንዴት ይለሰልሳል! «ምንም ያልተቀባ የለህም?»

«ኤዬ ጓድ፣ አለ» አሉ ኦቦ ቀንዓ። «የጭልሞ ጫካ ጥድ ነው። ከራሱ ሽታ በቀር ሌላ የለውም።»

ሰው አልጋ ሲመርጥ ቁጭ ብሎ ይሞክረዋል። ይሄኛው ግን ላዩን ዞር ብሎም አላየው። ቆቡን አወለቀና ከአልጋው ሥር ገባ፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አየሩን በረጅሙ ሳበ።

ኦቦ ቀንዓ መጋጠሚያውን የሚመረምር መስሏቸው ጎንበስ አሉ። «አይስጉ ጓድ፣ ጠንካራ ነው። ሁለት ሰው ቢተኛበት ንቅንቅ አይልም።»

«የላዩ ምን ቸገረኝ?» አለ ከሥር። «የድሮው አልጋዬ ቫርኒሽ ነው ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫዬ ላይ የሚያድረው።»

ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ቆቡን ደፍቶ፣ የስብሰባ ድምፁን መልሶ አዘዘ።

«እግሩን አንድ ስንዝር ጨምርበት። በጎኔ መገልበጥ አልቻልኩም።»