ጉድጓድ የሌለው ፓምፕ

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው፤ የማውቀው ብርድና ጭቃ ነበር። ቢቸና ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ በመምህርነት ስመደብ አባቴ፣ «ቢቸና ደግ አገር ነው። ብቻ ወደ ምሥራቅ ብዙ አትሂድ፣ በረሃ ነው» አለኝ። የአባይን ሸለቆ ማለቱ ነው። ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች ያለው ሙቀት፣ ማሽላ፣ ፍየልና ወባ ነው።

ጊዜው በየወረዳው የሙያ ኮሌጅ የሚከፈትበት ነበር። የእኛ በተመረቀ ዕለት ዲኑ ረጅም ንግግር አደረጉ። «ኮሌጃችን እያደገ ያለውን በረሃ ያገለግላል» ሲሉ ከፊት የተቀመጡ አንድ የቅኔ መምህር ጎናቸው ላለው ሰው፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «የሚያድገው ሰዉ ነው ወይስ በረሃው ራሱ?» አሉ። ዲኑ እንዳልሰሙ ሆነው ገጽ ገለጡ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ያድጉ ነበር። ከሸለቆው ግርጌ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ተሠርቶ ሰዉ ይሰፍራል፤ ድርቁም በበኩሉ ዳገቱን እየወጣ የደጋውን ማሳ ይጎበኛል።

እኔ የማስተምረው የእጅ ፓምፕ ጥገና ነበር። በወርክሾፓችን አንድ ፓምፕ አለ፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ በአራት ብሎን ታስሮ ቆሟል። ከሥሩ ጉድጓድ የለም። እጀታውን ሲጫኑት ይወርዳል፣ ሲለቁት ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በዚሁ ፓምፕ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬ ስንቱን አስመርቄያለሁ።

አንድ ሰኞ የሦስት ወር ሥልጠና ስንጀምር አርባውን ያለፉ ሴት ገቡ። ከሸለቆው ግርጌ ተነሥተው እሑድን ሙሉ ዳገት ሲወጡ ውለው ዘመድ ቤት አድረው ነው የመጡት። ቀበሌያቸው አንድ ሰው እንዲልክ ሲጠየቅ ወንዶቹ «አጨዳ ላይ ነን» ብለው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ውኃ የምቀዳው እኔ! ሥልጠናው ለማን ሊሆን ኖሯል?» ብለው ተነሡ።

ፓምፑን ዞረው ዞረው አዩት። ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና፣ «የኔታ» አሉኝ።

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። የኔታ የሚባለው ጥምጣም ያሰረ የቤተ ክህነት መምህር ነው፤ እኔ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ያውም ጂንስ ለብሻለሁ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ውኃው የት አለ?»

«ይኼ ለመማሪያ ነው። ውኃ የለውም።»

«ታዲያ መዳኑ በምን ይታወቃል?»

«በመመሪያው።»

«መመሪያው ይጠጣል?»

በማግስቱ እትዬ ዲኑ ቢሮ ገቡ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ዲኑ ግን ግንባራቸውን እየጠረጉ ወጥተው ፓምፑ ከወለሉ እንዲነቀል ፈቀዱ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረን በርሜል ቀበርን፣ በጀሪካን እያመላለስን ሞላነው፣ ፓምፑን ከላይ ተከልን። እጀታውን እኔ ያዝሁ። ተጫንሁ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንሁ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

ለካ ሁለት ዓመት ያስተማርሁበት ፓምፕ ድሮውንም የተበላሸ ኖሯል!

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እትዬ ግን ፊታቸው በራ። «ተመስገን፣ አሁን የሚጠገን ነገር አገኘን» አሉና መፍቻውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ዘንጉን ስናወጣ የቫልቩ ጎማ፣ ጎሚኒው፣ እንደ አሮጌ ጫማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እሳቸው ገልበጥ አድርገው አዩትና «ጉሮሮው ነው የደረቀው» አሉ። አዲስ ጎሚኒ እስኪገኝ፣ አንዴ እኔ ስገጥም እሳቸው ሲፈቱ፣ አንዴ እሳቸው ሲገጥሙ እኔ ሳበላሽ፣ ሦስት ቀን ፈጀን። በሦስተኛው ቀን ዲኑ ሊጎበኙን መጥተው የፓምፑን አፍ ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ውኃው መጣ። ክራቫታቸው ሳይቀር ራሰ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ወርክሾፑ ግድግዳ አዙረን ነበር።

ሥልጠናው ሲያልቅ ከውጭ መዛኝ መጣ። ፈተናው ሁለት ክፍል ነው፣ የእጅ ሥራና የቃል ጥያቄ። እትዬ ፓምፑን ከሁሉ ቀድመው ፈትተው ገጠሙ። ወደ ጥያቄው ሲዞር መዛኙ ቫልቩን አንሥቶ፣ «ይኼ ምን ይባላል?» አላቸው።

«ጉሮሮ።»

«አይደለም፣ እናቴ።»

«ውኃ የሚውጠው በእሱ ነው። ጉሮሮ ካልሆነ ምን ሊሆን?»

ፒስተኑን «ልብ» አሉት፣ እጀታውን «ክንድ»። መዛኙ ሳቁን እየዋጠ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ጻፈ። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። ያፈርሁት በራሴ ነበር። እሳቸው ለነገሮቹ ስም ሲያወጡ ደስ እያለኝ ሰምቻለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላረምሁም። መውደቃቸው ሲነገር እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ቁልቁለቱ ሄዱ።

ከወር በኋላ ለገበያ የወጣ ሰው መልእክት አመጣልኝ፦ «የኔታ ቶሎ ይውረዱ ብለዋል።» ፓምፑ ተበላሽቶ እሳቸውም አቅቷቸው መስሎኝ መሣሪያዬን ተሸክሜ ወረድሁ። ቁልቁለቱ ሲያንደረድረኝ ውሎ ከሰዓት በኋላ ደረስሁ። ፓምፑ ጋ ሴቶች ተሰልፈው ይቀዳሉ። ውኃው ይንዶለዶላል።

«የት ላይ ነው የተበላሸው?» አልሁ፣ እያለከለክሁ።

«ፓምፑማ ደኅና ነው። ትናንት ጠገንሁት» አሉ እትዬ። «የተበላሸው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። ወረቀት ካላመጣሽ የመፍቻውን ሣጥን አልሰጥሽም ይለኛል። በጎረቤት የብስክሌት መፍቻ ነው የሠራሁት። አሁን ስሞቹን ንገረኝና አርፌ ልፈተን።»

አንቱታው ቀርቶ አንተ ማለታቸውን ያስተዋልሁት ቆይቼ ነው። ወረፋ የያዙት ሴቶች ዙሪያችንን ቆመው ስሞቹን እንደ ዜማ ተቀበሉን። እኔ «ፒስተን!» ስል እነሱ በአንድ ድምፅ «ፒስተን!» ይላሉ፤ አንዲት አሮጊት ብቻ «ፒስጦን» ብለው ጸኑ። ወደ ላይ የተመለስሁት በበቅሎ ነው፤ በእግሬ የምወጣበት አቅም አልነበረኝም። ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድሁም።

በሁለተኛው ፈተና እትዬ አንድም አልሳቱም። ሣጥኑን ሊቀ መንበሩ ራሱ በሁለት እጁ አስረከባቸው፣ ሕዝብ ፊት፣ ጭብጨባ ባለበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በረሃ ፓምፕ ሲሰበር የሚጠራው የወረዳው ባለሙያ ሳይሆን እሳቸው ሆኑ። በኋላማ ሰዉ የልብስ ስፌት መኪናም፣ ሬዲዮም ያመጣላቸው ጀመር። «ውኃ የማያወጣ ነገር አልነካም» ብለው ይመልሱ ነበር አሉ።

ወደ ሞጣ ከተዛወርሁ በኋላ ግን የወፍጮ ቤቱን ሞተር ፈትተው መግጠማቸውን ሰማሁ።