የወይዘሮ ፒልሱን አፍ የተዘጋበት ቀን

ለሕዝብ ሁሉ ይታወጅ! በጆንጁ ከተማ፣ በአንድ ኮሌጅ የሥነ ሕንፃ ክፍል፣ ወሬ በመንዛት ወደር ያልተገኘላት ጸሐፊ ወይዘሮ ፒልሱን ዛሬ ከምሳ በኋላ አፏን ዘጋች!

ያስዘጋቻት የክፍሉ ተማሪ ሃሪም ናት። ቢሮ ገብታ፣ «እትዬ፣ ትናንት በክፍሉ እራት ላይ ፕሮፌሰራችን መጠጥ ቅጂልኝ ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ከዚያ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ይዳብስ ጀመር» አለቻት።

በፒልሱን ምላስ ላይ ያ የተለመደው ቆሻሻ ተሰለፈ፦ ለምን ሄድሽ፣ ምን ለብሰሽ ነበር፣ ስንት ጠጣሽ? ዋጠችው።

«አምኜሻለሁ፤ ጥፋቱ የእሱ ነው። አሁን ምን እንዲደረግ ትፈልጊያለሽ?»

«ለማንም አይናገሩም?»

«ለኮሌጁ አቤቱታ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፤ አልዋሽሽም። ለወሬ ግን አልሰጥሽም።»

«እርስዎ? ወሬ ሊደብቁ?» ሃሪም እያለቀሰች ሳቀች። «እንግዲያው አብረውኝ ይምጡ፤ ራሴ እናገራለሁ!»

የፒልሱን ልብ በደስታ ደለቀ። ደረጃው ላይ ያገኙት የኮሌጁ ዲን ወዴት እንደሚሄዱ ገባውና፣ «የኮሌጁ ስም...» ብሎ ክራቫቱን ጨበጠ፤ የተዳበሰው ክራቫቱ ይመስል!

«ስሙ ይቆየን ጌታዬ፤ ልጅቷ ትቅደም!» ብላ ሃሪምን ይዛ አለፈችው።

እናንተም የኮሌጅ አለቆች፣ ነገ አንዲት ልጅ በራችሁን ስታንኳኳ፣ ስለ ስማችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ «አምኜሻለሁ» በሏት!