ከቆላ የመጣችው ሞተር

ዛሬም ነዳጅ ስቀዳ አንዲት ጠብታ ጣቴን ከነካችኝ ቶሎ አልጠርጋትም። ባለቤቴ "ኧረ ይሸታል!" ይለኛል፤ ይሽተታ! እኔ በዚያች ሽታ፣ ከተራሮቹ ሥር ባለችው ከተማ አውሮራ ተከራይተነው ወደነበረው ቤት ጋራዥ እመለሳለሁ። በሩ ተከፍቷል፣ የከሰዓት ፀሐይ ሲሚንቶው ላይ ተኝታለች፣ አባዬ ዴርት ባይኬ፣ የሜዳ ሞተርሳይክሌ፣ አጠገብ ተንበርክኳል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ዴርት ባይኳን ያመጣልኝ ሂውስተን የሚኖረው አጎቴ ነበር። ልጆቹ አድገው ሲተዋት በፒክአፕ ጭኖ ይዟት መጣ። ቀይ ናት፣ አንድ ጎኗ ተፍቋል፤ እኔ ግን እንደሷ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። "እዚያ እኮ እንደ ነብር ነበረች" አለ አጎቴ። እኛ ጋ ስትነሳ ግን እንደ ታመመ ሰው ትስላለች። ጋዝ ስሰጣት ትታነቅና ጥቁር ጭስ ተፍታ ቀጥ ትላለች።

አባዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል እንጂ መካኒክ አልነበረም፤ ደግሞ "አላውቅም" ማለት አይወድም። ካንዴላዋን ፈትቶ ጥላሸቷን ጠረገ፣ የአየር ማጣሪያውን በሳሙና አጠበ። በመጨረሻ ቤንዚኑን ከአየር የሚያዋህደውን ካርቡራተር ፈታና ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ ትንሽ የናስ ቡሎን ላይ ያለችውን፣ በእማዬ መርፌ ጎረጎራት። "ቆሻሻ ይዟት ነው" አለ በሙሉ ልብ። ባሰባት። ተናደደና "እስከ እሑድ ካልሠራች ሌክውድ ያለ ሰው ይወስዳታል፣ ቃል ሰጥቼዋለሁ" አለ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። እኔም ራት አልበላም ብዬ ክፍሌ ገባሁ።

ከኛ ፊት ለፊት ጋሽ ሀብቶም የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ከአሰብ ወደ ደሴ ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው፤ አማርኛቸው ከአባዬም ይጠራል። ከአባዬ ጋር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ስለሚሠሩ በአንድ መኪና እየሳቁ ሄደው እየሳቁ ይመለሱ ነበር። ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ ግን ሰላምታቸው ተቋረጠ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም አባዬ መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ወደ ማዶ ቀና ብሎ አያይም፤ እሳቸውም በራቸው ላይ ተቀምጠው ተራራውን ያያሉ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆረጥኩ። ጥቁሯን ካንዴላ በናፕኪን ጠቅልዬ የጋሽ ሀብቶምን በር አንኳኳሁ። ተቀብለውኝ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩዋት፣ አሸተቷት።

"አባትሽ ልኮሽ ነው?" አሉኝ።

እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። "አዎ፣ አባዬ ነው የላከኝ" አልኩ።

ካንዴላዋን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ኮፍያቸውን ሲፈልጉ እጃቸው ሲጣደፍ አየሁ፤ ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። መንገዱን ስንሻገር ወደ ኋላ ቀረት እያልኩ ተከተልኳቸው። ዛሬስ አለቀልኝ!

አባዬ ጋራዡ ውስጥ ጨርቅ ይዞ ቆሟል። ጋሽ ሀብቶም ኮፍያቸውን አወለቁና "ግርማ፣ እንኳን ላክህብኝ። እኔማ ረስቶኛል ብዬ ነበር" አሉት። አባዬ ዞሮ አየኝ። "ማን ላካት?" ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል። ጨርቁን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

"ምን ላድርግ ጋሽ ሀብቶም፣ ሲያቅተኝ ላክኋት። ይግቡ እንጂ" አለ።

ሽማግሌው ካንዴላዋን ቦታዋ መልሰው ሞተሩን አስነስተው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከሂውስተን መምጣቷንና አባዬ ቀዳዳዋን በመርፌ መጎርጎሩን ስነግራቸው ሳቃቸው መጣ። "ይቺ እኮ የቆላ ናት! እዚያ ባሕሩ አጠገብ አየሩ ከባድ ነው። እዚህ ደጋው ላይ አየሩ ሳሳባት፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፤ በዛባትና ታፈነች። አንተ ደግሞ ቀዳዳዋን በመርፌ አሰፋህላት!" አባዬ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ጋሽ ሀብቶም የአሰብን ቆላ ጨርሰው የደሴን ዳገት ሲጀምሩ ያደርጉት የነበረውን አደረጉ፤ ከመብራት ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር መዘው በቡሎኗ ቀዳዳ አሳለፉና ጫፍና ጫፏን አጠፏት። ቀዳዳዋ ጠበበች፣ ቤንዚኑም ቀነሰ።

ስረግጣት ወዲያው ተነሳች። ሳሏ ጠፍቷል። ከቤቶቹ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ለቀቅኳት፤ ደረቁ ሣር እግሬን እየዳበሰኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ እየዘፈነ፣ ከፊቴ ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነው። መሬቱን የነካሁ አይመስለኝም ነበር። ዞር ስል ሁለቱ ሰዎች ጋራዡ በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው በጣም ትንንሽ ሆነዋል። አንዱ እጁን እያወራጨ ያወራል፣ ሌላው በሳቅ ይታጠፋል። ቶሎ መመለስ አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ክሯ በየጊዜው ትወልቅ ነበር። "ሶስና፣ ሂጂ ጋሽ ሀብቶምን ጥሪያቸው፣ ክሯ ወጥታለች መሰለኝ" ይለኛል አባዬ። ይመጣሉ፣ በደቂቃ ይጨርሳሉ፣ ሳይጫወቱ ግን አይሄዱም። እኔ ሃይስኩል ገብቼ ዴርት ባይኳን ከረሳኋትም በኋላ ይህ ነገር አልቀረም።

ጋሽ ሀብቶም ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ባለፈው በጋ የአባዬን ዕቃ ሳስተካክል ከመፍቻዎቹ ሥር ያልተከፈተች፣ ውስጧ የሚታይ ትንሽ የላስቲክ ፓኬት አገኘሁ። ውስጧ አዲስ የናስ ቡሎን አለ፣ ቀዳዳው ጠባብ፣ ለደጋ አየር የሚሆን።

"ይቺን መቼ ገዛሃት?"

"ያኔውኑ፣ በሳምንቱ።"

"ታዲያ ለምን አልገጠምካትም?"

አባዬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። "ከገጠምኳትማ" አለ፣ "ምን ብዬ እጠራቸዋለሁ?"

የዛሬዋ መኪናዬ አየሩን ራሷ ትለካለች፣ ተራራ ብወጣም ብወርድም ማንንም አታስቸግረኝም። ግሌንዴል ስኖር ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ከፊት ለፊቴ ያለው በር የማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ያን ዕለት ፓኬቷን ሳልከፍት ወደ ቦታዋ መለስኳት።