ሬሳ የሌለበት ድንኳን

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። ሰው ሲነሣ ሌላው ይንጋደዳል። ያን ዓመት ስንነሣና ስንቀመጥበት ስለከረምን አውቀዋለሁ፤ እኔ፣ ጎረቤቴና የቅሬያችን ዳኛ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ከዳኛው ጋር እዚሁ መርሳ አብረን ያደግን ነን፤ ጎረቤቴ ደግሞ ግድግዳ የምትጋራኝ ሙስሊም ናት፤ ሚስጥርም እንደዚያው።

የምንመላለሰው ስለ ሜዳው ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ ሜዳ ነው። የሰፈራችን ቅሬ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እዚያ ነው፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም። ቤቶቻችን ግቢ የላቸውም፤ በራችን ሲከፈት መንገድ ላይ ነው። ባሌ ሲሞት ለቅሶ የተቀመጥኩት በዚያ ሜዳ ነው። እኔም ስሞት ልጆቼ እዚያ እንዲቀመጡ እፈልግ ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን የቀበሌው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፣ ግን አነባለሁ። ሜዳውን «ባዶ መሬት» ይለዋል፤ በሊዝ ጨረታ ይተላለፋል ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ባዶ!

«እማማ፣ መሬቱ የመንግሥት ነው» አለኝ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ።

«መንግሥትስ ሰው ሲሞትበት የት ሊቀመጥ ነው?»

ጸሐፊዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነችው። እሱ አልሳቀም። «ወልድያ ሄዳችሁ ዞኑን ጠይቁ» አለን።

ወልድያ ሄድን። ዞኑ፣ ይህ የማዘጋጃ ቤታችሁ ጉዳይ ነው ብሎ ወደ መርሳ መለሰን። ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ፊርማ አሰባስበን እንደገና ወልድያ፤ እንደገና መርሳ። አንድ ማታ ከሚኒባሱ ስንወርድ ጎረቤቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ «አንቺ፣ ይህን ሜዳ ከማስመለስ ሞቶ እዚያው መቀመጥ ይቀላል» አለችኝ።

«የሞተ አይቀመጥም፤ ያስቀምጣል እንጂ» አልኳት። ለመሳቅ እንኳ ደክሞን ነበር።

በመጨረሻ ቀያሽ በገበያ ቀን መጥቶ ችካል ሊመታ መሆኑን ሰማን። ዳኛው ሰበሰበንና፣ «ድንኳኑን እንትከል» አለ። «ለቅሶ ድንኳን ላይ ችካል የሚመታ ሰው እስቲ ልይ።»

«ሰው ሳይሞት?» አለች ጎረቤቴ። «ሟርት ነው! ሞትን በላያችን ላይ ልትጠራብን ነው?»

እኔም ደስ አላለኝም። ሌላ መላ ግን አልነበረኝም። ማንም እንዳያለቅስ፣ ማንም ሰው ሞተ ብሎ እንዳይዋሽ ብቻ አስማልኳቸው።

ያላሰብነው ገበያተኛውን ነው። በእኛ አገር ሰው ድንኳን ካየ፣ ማን ሞተ ብሎ ደጅ አይቆምም፤ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ መጠየቁ በኋላ ነው። ከውርጌሳ የመጣው ከሐራ የመጣው፣ ሸክሙን ደጅ እያስቀመጠ ገባ። አንዱ ነፍስ ይማር ይላል፣ አንዱ አላህ ያጥናችሁ ይላል። ለአንዱ የሞተ የለም ብለን ሳንጨርስ ሌላው ገብቶ ይቀመጣል። ባቄላ የጫነ አህያውን ውጭ ያሰረ አንድ የደጋ ሽማግሌ ጥጉን ይዞ ያለቅስ ጀመር። የራሱ ሰው ትዝ ብሎት ይሆናል፤ በእነዚህ ዓመታት በዚህ አገር ያልሞተበት ማን አለ? ጎረቤቴ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ነበር፤ ለማያውቃት ግን ለቅሶ ይመስላል።

ቀያሹ ወጣት ነው። ችካሉንና መሣሪያውን ደጅ አስቀምጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ከአንድ አግዳሚ ጫፍ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ዳኛው በዓይኑ ዝም በይ አለኝ። ዝም ብል ልጁ ትንሽ ቆይቶ ይሄድ ነበር። ግን ሜዳውን ባዶ ነው ብለው ዋሹ እያልኩ ስጮኽ ከርሜ፣ እኔ ደግሞ በሞት ልዋሽ? ልጁም ከልቡ አዝኖ ነበር የተቀመጠው።

«ልጄ፣ የሞተ ሰው የለም» አልኩት።

ቀያሹ ቀና አለ።

«ታዲያ ድንኳኑ?»

«ሜዳው እንዳይሸጥብን ነው። ሰው ሲሞት የምንተክለው እዚህ ነው። ሌላ ቦታ የለንም።»

የደጋው ሽማግሌ ብድግ አለ። «እና ይኼን ሁሉ እንባ ለማን አፈሰስኩት?»

«ይያዝልዎት አባባ፣ ለሚቀጥለው ይሆናል» አለችው ጎረቤቴ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ቀያሹ ግን አልሳቀም። «እማማ፣ እኔ የምለካ እንጂ የምሸጥ አይደለሁም» አለኝ። «እኔ ባልለካ ሌላ ሰው ይልካሉ።» ወጥቶ ድንኳኑን ዞረው። «ስትተክሉ ገመዱ የሚደርሰው ሁልጊዜ እዚህ ድረስ ነው?»

«እዚህ ድረስ ነው።»

ችካሉን ከገመዱ ውጭ መታው። ሹሙም፣ ሰልችቶት ይሁን አፍሮ እንጃ፣ ድንኳኑ የቆመበትን ለቅሬው ተወልን። የቀረው ሜዳ ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ይቺንም ያገኘነው በእሷ ነው የሚል አለ። አፏን ብትይዝ ሁሉንም እናተርፍ ነበር የሚለው ይበዛል። ዳኛው ሰላምታውን አሳጠረብኝ። ያ ልጅ ቢሄድ ሌላ ይመጣ ነበር እላለሁ ለራሴ። ላይመጣም ይችል ነበር።

ዘንድሮ የጎረቤቴ ባል ሞተ። ድንኳኑን ስንተክል ለአንዱ ገመድ ማሰሪያ አጣን፤ በተሸጠው ላይ ከሚሠራው ሕንፃ በወጣ ብረት ላይ አሰርነው። እንደ ድሮው ወንዱ ለብቻ ሴቱ ለብቻ የሚቀመጥበት ስፋት የለም። የተረፈው ሰው ውጭ አሸዋ ክምር ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ገባና አጠገቤ ቆመ።

«ያኔ ዝም ብትዪ ኖሮ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ሁሉ ሰው ጥላ ውስጥ ይሆን ነበር።»

ጎረቤቴ ከፍራሿ ላይ ቀና አለች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«ተዋት» አለችው። «ያኔ ስላልዋሸች፣ ዛሬ ይህን ድንኳን ያየ ሰው የእውነት ይሆን ብሎ ደጄ ላይ አልቆመም።»

ለዳኛው ጠጋ አልኩለት። ተቀመጠ፤ ከጥበቱ የተነሣ ጉልበቱ ጉልበቴን ነካው።